የኪሪ እንጨት የሻይ ዕቃ ሣጥኔ፦ ከ14 ወር በኋላ

ክዳኑን አፉ ላይ አስቀምጬ እጄን አነሣለሁ። ዱብ አይልም። ውስጥ ያለው አየር በጠርዙ በኩል ሲወጣ ክዳኑ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርድና ድምፅ ሳያሰማ ይገጥማል። ከ14 ወር በኋላም እንደዚያው ነው፤ በጁን ካልሆነ በቀር።

ሣጥኑ ቻባኮ ይባላል። የጃፓን የሻይ ሥርዓት ዕቃዎችን ይዞ ለመውጣት ነው የሚያገለግለው፦ ትንሽ ጽዋ፣ ማቻ የሚባለው የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት የሚያዝበት ናትሱሜ፣ የቀርከሃ መምቻ፣ ማንኪያ፣ ማበሻ ጨርቅና ኮንፔይቶ የሚባለው ከረሜላ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ። በ19ኛው መቶ ዘመን ኡራሰንኬ የሚባለው የሻይ ሥርዓት ትምህርት ቤት 11ኛ መሪ የነበረው ገንገንሳይ ለዚህ ሣጥን የራሱ የሆነ የአቀራረብ ሥርዓት አዘጋጅቶለታል፤ እሑድ እሑድ የምማረው እሱን ነው። ለመግዛት ስትጠይቁ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ የሻይ ቅጠል የሚከማችበት፣ ውስጡ በቆርቆሮ የተለበጠው ትልቅ ሣጥንም ስሙ ቻባኮ ነው።

የእኔን የሠራልኝ ካሱካቤ በሚባል የጃፓን ከተማ ያለ አናጢ ነው። ከተማው በኪሪ ሥራ የታወቀ ነው፤ እኔ ከምኖርበት ከቶኪዮው ካትሱሺካም በባቡር ሩቅ ስላልሆነ ሁለት ቀን ሄጄ ሲሠራ ተመለከትኩ። ኪሪ ማለት ፓውሎኒያ የሚባለው ዛፍ ነው፤ በጣም ቀላል ከመሆኑ የተነሣ ባዶውን ሣጥን ስታነሡት ካርቶን ይመስላችኋል። ጣውላው ለዓመታት ዝናብና ፀሐይ ላይ ቆሞ ይከርማል፤ ውስጡ ያለው የሚያጠቁረው ነገር ታጥቦ ካልወጣ እንጨቱ ኋላ ይጠቁራል። ማዕዘኖቹ እንደተጠላለፉ ጣቶች ይጋጠማሉ። ሚስማር የለም፤ ኡትሱጊ ከሚባል ቁጥቋጦ የተጠረቡ ችንካሮች ናቸው የሚይዙት። አናጢው እርጥበታቸው እንዲወጣ ምጣድ ላይ አድርጎ እያወዛወዘ ሲቆላቸው፣ ከጀርባው ቆሜ ሳይ ቡና የሚቆላ ነበር የመሰለኝ።

ክዳኑ ላይ ኡሩሺ የሚባለው ከዛፍ ፈሳሽ የሚሠራ ቀለም ተቀብቶ፣ ኡሩሺው ሳይደርቅ በተነሰነሰ የወርቅ ዱቄት የመጸው ሣሮች ተስለውበታል። በጣም ያምራል። ከከፈልኩት 140 ሺህ የን አብዛኛው ለእሱ ነው። ዛሬ ባዝዝ ግን ወርቁን እተወዋለሁ፤ በየሳምንቱ ደስ የሚያሰኘኝ ያልተቀባው እንጨትና የክዳኑ አገጣጠም ነው።

አሁን ወደ ጁን። የዝናቡ ወቅት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል። ባለፈው ጁን እንግዶች ተቀምጠው፣ ውኃው ፈልቶ፣ ክዳኑ እምቢ አለኝ። መምህሬ እንዳልጎትተው በዓይናቸው ከለከሉኝ፤ በሁለት መዳፌ ጎኖቹን ይዤ ከወዲያ ወዲህ በቀስታ ሳንቀሳቅሰው ረጅም ጊዜ ፈጅቶ ተከፈተ። ለአናጢው ደውዬ ጠርዙን በመላጊያ እንዲያነሣልኝ ብጠይቀው አልቀበልም አለ። አሁን ከተላገ በብርዱ ወራት አየሩ ሲደርቅ ይላላል፣ ታገሺ አለኝ። እውነቱን ነበር፤ በኦገስት ማብቂያ በራሱ ተስተካከለ። ቢሆንም በዝናብ ወቅት ከቤት ይዞ ለሚወጣ ሰው ይህ እውነተኛ ችግር ነው። እኔ አሁን ከመውጣቴ በፊት ከፍቼ ነው የምሄደው።

የውስጥ ትሪው ጥልቀት አንሷል፤ የመምቻው ማቀፊያ ክዳኑን በትንሹ ይነካዋል። ስታዝዙ የራሳችሁን ዕቃዎች ይዛችሁ ሂዱና በእነሱ ልክ ይሠራላችሁ።

ኪሪ ለስላሳ ስለሆነ በጥፍር እንኳን ይሰረጉዳል። ያልተቀባው ጎን ላይ የቀለበቴ ምልክት ወጥቶበት ነበር፤ እርጥብ ጨርቅ አድርጌ በጋለ ካውያ አፍታ ስነካው እንጨቱ አብጦ ተመለሰ። ኡሩሺው ላይ ይህን አትሞክሩት።

ከሁሉ ያሳዘነኝ የራሴ ስህተት ነው። ሣጥኑን ሳሎን መደርደሪያ ላይ ነበር የማኖረው፤ ቡና የምንቆላውና ዕጣን የምናጨሰው እዚያው ነው። ያልተቀባ እንጨት ሽታ ይይዛል። አንድ እሑድ መምህሬ ናትሱሜውን ከፍተው አሸተቱና ምንም ሳይናገሩ መልሰው ዘጉት። ማቻው ዕጣን ዕጣን ይል ነበር። ዱቄቱን ጣልኩት፤ ሣጥኑን ጥላ ውስጥ ከፍቼ ሁለት ወር አናፈስኩት፤ አሁን የእንጨቱ ሽታ ብቻ ነው የቀረው። ቦታውም መኝታ ቤት ሆኗል፤ ቡና በሚቆላ ቀን በሩን እዘጋለሁ።