ዘጠኝ ወር ከሞተሬ ጋር፦ ከሀረጎ እስከ ዓባይ በረሃ

ሞተሯን የገዛኋት ለሥራ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በየቀኑ 25 ኪሎ ሜትር የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ መልሼ እወጣዋለሁ። የታክሲ ሰልፍና ግፊያ ሲሰለቸኝ፣ ጥቅምት ላይ እቁቤ እንደወጣ ቀጥታ ሄጄ አንዲት 150 ሲሲ ገዛሁ። ባለ አምስት ማርሽ ናት፤ ከፊት ዲስክ ፍሬን፣ ከኋላ ባለ ሸራ ድራም። ስሟን አልጠራም፤ ከታች የማማርርባት ነገር ስላለ የሰው ገበያ መዝጋት አልፈልግም። ደግሞ በዚህ መጠን ያሉት ብዙዎቹ እህትማማች ናቸው፣ ስለ አንዷ የተባለው ለሌላዋም አያንስም።

አሁን ሐምሌ ገብቷል። ቆጣሪው 10,900 ይላል፤ ሽቦው ተበጥሶ ዝም ያለባቸውን ሳምንታት ስጨምርበት ከ11,000 ያልፋል። ከዚህ ውስጥ 1,750 ያህሉ የአንድ ጉዞ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝም ስለዚያ ነው፤ ስለዚህ ስለ ሀረጎ ባጭሩ ልበልና ወደሱ ልሂድ።

ለደሴ–ኮምቦልቻ ምልልስ ሞተሯ ምንም አይወጣላትም። ብርድ አትፈራም፣ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ባለበት ጠዋት እንኳ በሁለተኛው ርግጫ ትነሳለች። ሻጩ «በሊትር 60 ትሄዳለች» ብሎኝ ነበር። ውሸት ነው። እኔ 45 አገኛለሁ፣ እሱም ደህና ነው። ወንበሯ ድንጋይ ነው፤ ከሰኞ ገበያ አጎዛ ገዝቼ በገመድ አሰርኩበት። የሳቁብኝ ጓደኞቼ አሁን ሁለቱ የራሳቸውን አስረዋል። ካንዴላዋ መጀመሪያ አካባቢ ጥቀርሻ ይይዝ ነበር፤ ደሴ ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ኮምቦልቻ ያለው መካኒኬ ካርቡራተሩን ትንሽ አሳሳላት፣ ተሻላት።

አንድ ኃጢአት ግን ልናዘዝ። ሀረጎን የምወርደው በፎሌ ነበር። ቤንዚን ለመቆጠብ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል፣ እኔም ማርሽ አውጥቼ፣ ፍሬን እየነካካሁ፣ ነፋሱን እየበላሁ እወርዳለሁ። በወር የማተርፋት አንድ ሁለት ሊትር ብትሆን ነው። ይቺን ሂሳብ ያዙልኝ።

ወደ ጉዞው። አባቴ የፍቅር እስከ መቃብርን የሬዲዮ ትረካ በካሴት ቀድቶ ነበረው። ወጋየሁ ንጋቱ ማንበብ ሲጀምር ቤታችን ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ሰው ወዮለት፤ ቡና የምትወቅጠው እናቴ እንኳ ሙቀጫውን ታስቀምጣለች። መጽሐፉን ራሴ ያነበብኩት በኋላ ነው፣ ሽፋኑ የወለቀውን የአባቴን ቅጂ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ይህ ልቦለድ ገና ስከፍተው የነገረኝ ከሰው በፊት አገር ነው። ማንኩሳ አለች፣ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ አገር፤ ዲማ አለ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ግዛት፤ የቦጋለና የውድነሽ ልጅ በዛብህ የሸሸባት አዲስ አበባ አለች። ሦስቱም እውነተኛ ቦታዎች ናቸው፣ ሦስቱም በመንገድ ይገናኛሉ። መሀላቸው ደግሞ ዓባይ በረሃ። ይህን መንገድ አንድ ቀን እሄደዋለሁ እያልኩ ኖርኩ፤ ሞተር ሲኖረኝ ምክንያት አለቀብኝ።

የጥምቀት ማግስት ተነሳሁ። የአባቴ መጽሐፍ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ትረካው ስልኬ ላይ። እናቴ «በሞተር ጎጃም? ጤነኛ ነህ?» አለች። ጎረቤታችን እትዬ ግን «አብሽር፣ ዱዓ እናደርግልሃለን» ብለው ጭብጦ ቋጠሩልኝ። ከደሴ የሚነሳ ሰው ታሪኩን ከጭራው ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዓባይ፣ ከዚያ ዲማ፣ መጨረሻ ላይ ማንኩሳ። መጽሐፉ የሚጀምርበት ላይ እኔ እጨርሳለሁ። ይህ ነገር ትርጉም ያለው እስከሚመስለኝ አሰብኩበት፣ ኋላ ግን ሀርቡን ሳልፍ ፀሐዩ አናቴን ሲመታኝ ተውኩት።

ሀርቡ፣ ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት፤ እዚህ ሜዳው ላይ ሞተሯ ደስ ትላለች። 70 ላይ አስቀምጬ ረሳኋት። ከ75 በላይ ግን መሪዋ እጅ ያደነዝዛል፣ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቼ አይሰሙኝም ነበር። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ያለው ዳገት ላይ ደግሞ ትንፋሿ አጠረ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጭነት አለ፣ በሦስተኛ ማርሽ 40 አልሞላ አለች። አይሱዙ ሲቀድመኝ ረዳቱ በመስኮት «ውረድና ግፋት!» አለኝ። ደብረ ብርሃን አደርኩ፣ ከብርዱ የተነሳ ከነጃኬቴ። አዲስ አበባን እሁድ ሳይነጋ አቋርጬ በሱሉልታ ወጣሁ። ስለ አዲስ አበባ የምለው የለኝም፣ ሞተረኛ ለዚያ ከተማ አልተፈጠረም።

ጎሐ ጽዮን ሻይ ጠጣሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት። እውነቱን ልናገር፣ «ሀረጎን በየቀኑ የሚወርድ ሰው ምን ይሆናል» ብዬ ነበር።

ቁልቁለቱ ሲጀምር እንደለመድኩት ወደ ፎሌ አወጣሁ።

የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ቆንጆ ናቸው። ከላይ ያለው ድንጋይ ጥቁር ነው፣ ዝቅ ሲሉ ነጭ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ከዚያ ጀሶ፣ ታች ወንዙ ጋ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። ገደሉ ላይ እንደ እንጀራ ተደራርቦ ይታያል። ጥር ስለነበር ሣሩ ቢጫ ነው፣ ከጎን የሚገቡት ጅረቶች ድንጋይና አሸዋ ብቻ ቀርቷቸዋል፣ ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ተቀምጠው ሰው ይታዘባሉ። ሙቀቱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚመጣው፣ ምጣድ ላይ እንደ ማጎንበስ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ ተሸብሽቧል፤ አንዱ ኩርባ ላይ መንገዱ ራሱ ያጥፍሃል። እሱን ለመሸሽ ፍሬን ያዝኩ። ቀጣዩ ላይም ያዝኩ። ከኋላዬ ሲኖትራክ ክላክሱን ይነፋል።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ፣ ላስቲክ ከጨርቅ ጋር ሲነድ ዓይነት። ቀጥሎ የኋላው ፍሬን እግሬ ሥር ለሰለሰ፤ ስረግጠው እስከ መጨረሻው ወረደ፣ ሞተሯ ግን አትይዝም። ልቤ እዚያው ወረደ። የፊቱን ዲስክ ቀስ እያልኩ፣ ፍሪሲዮን ይዤ ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ አስገባሁ። ሞተሯ ጮኸች፣ ግን ያዘች። የሚቀጥለው ሰፋ ያለ ዳር ላይ አቆምኳት። ወርጄ ድራሙ ላይ ምራቄን እንትፍ ስልበት «ጭስ» ብሎ ደረቀ።

ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ከየት እንደመጣ ሳላየው አጠገቤ ቆሟል፣ ጀሪካን ይዟል።

«ጋሼ፣ ውሃ ላፍስበት?»

«ተው ተው፣ ይሰነጠቃል። ራሱ ይቀዝቅዝ።»

«ታዲያ ለምን በማርሽ አትወርድም?»

አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ውሃውን ጠጣሁለት።

40 ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ድልድዩ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን ለኩርባ ብቻ እየነካሁ ወረድኩ። ሹፌሮች «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለካ ለዚህ ነው። ድራም ፍሬን የተሠራው ለማቆም ነው፣ እየተጎተተ ለሰዓት ያህል እንዲይዝ አይደለም፤ ሲግል ሸራው የመያዝ ጉልበቱን ያጣል። ይህ የሞተሯ ጥፋት ነው ወይስ የኔ? ግማሽ ግማሽ እላለሁ። ከአሥር እጅ ዘጠኙን ጥፋት ብወስድም ግን አይከፋኝም። ሀረጎ አጭር ስለሆነ ሸራው ሳይግል ነበር የማልፈው፤ በፎሌ ያተረፍኳትን ቤንዚን ዓባይ በረሃ ከነወለዷ ተቀበለኝ።

ታች ድልድዩ ጋ ጠባቂዎች ስላሉ ፎቶ አይነሳም። በጃፓን እርዳታ የተሠራው ባለ ገመዱ አዲሱ ድልድይ ላይ ትሻገራለህ፣ አሮጌው አጠገቡ ቆሞ ያይሃል። ወንዙ ቡናማ ነው፣ ከገደሉ ትልቅነት አንጻር ትንሽ መሰለኝ።

ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ነገሩ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ትረካውን በደንብ አልሰማሁትም ነበር፤ ከ50 በላይ ስነዳ ሄልሜቱ ውስጥ ነፋሱ ሁሉን ይውጣል። ዳገቱ ላይ ግን በሁለተኛ ማርሽ 25፣ ቢበዛ 30 ናት። አንድ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ነበር (መኪና የሚበዛበት ላይ እንዳታደርጉት) እና የወጋየሁ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ በእግሯ የምትነሳበት ክፍል ላይ ነበርኩ። በዚያ ዳገት ላይ ስትሰማው መጽሐፉ ስለ ፍቅር መሆኑን ትረሳለህ። ስለ እግር ነው። ስለ ጫማ፣ ስለ ስንቅ፣ ስለ ማደሪያ፣ ከኋላ ስለሚመጣ ሰው። እኔ ቤንዚን እያቃጠልኩ የማማርርበትን ዳገት የዚያ ዘመን ሰው ስንት ጊዜ እያረፈ ይወጣው ይሆን እያልኩ፣ አቅሟ ትንሽ ናት እያልኩ የምወቅሳትን ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኳት። 250 ሲሲ ብትሆን ኖሮ ያን ክፍል አልሰማውም ነበር። የመጽሐፉን መጨረሻ ላላነበበ አልናገርም፣ ርእሱ ይበቃዋል።

ደጀን አድሬ በማግስቱ በብቸና በኩል ወደ ዲማ ሄድኩ። ፒስታው ላይ የሞተሯ ሁለተኛ ድክመት ወጣ። የኋላ እቃ መጫኛዋ ስስ ብረት ናት፣ ቦርሳዬ 15 ኪሎ ቢሆን ነው፣ ግን ብየዳው ላይ ለቀቀች። በገመድ ጠፍሬ ደረስኩ፤ ስመለስ ብቸና አስበየድኩት። ዲማ ጊዮርጊስ ደጃፍ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ዘመድ አለህ እዚህ?»

«የለኝም አባ፣ መጽሐፉን አንብቤ ነው የመጣሁት።»

«ኧረ ስንቱ መጣ! የሰብለን ቤት አሳየን ይለኛል። እሷ እኮ ድርሰት ናት!»

ተሳሳቅን። ትንሽ ቆይተው ግን በመቋሚያቸው ወደ አንድ ከፍታ እየጠቆሙ «ቢሆን ኖሮ እዚያ ይሆን ነበር፣ ፊታውራሪ ቆላ ላይ ቤት አይሠራም» አሉኝ። ወንበሬ ላይ ያለውን አጎዛ አይተው ደግሞ «ይህስ ምንድነው፣ ደበሎ ነው?» አሉ። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ይለብሳል፣ እኔ ተቀምጬበታለሁ፤ አፈርኩ።

ከደብረ ማርቆስ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ደምበጫን አለፍ ብዬ የኋላ ጎማ ተነፈሰ፣ ጎሚስታ በ20 ደቂቃ ጨረሰው። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም አለፍ ብሎ አስፋልቱ ላይ ናት። ቡና ጠጣሁ፣ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ እዚያው አነበብኩ፣ ቡና አፍዪዋ «ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ፣ «ምንም» አልኳት፣ እውነቴን ነው። ዘጠኝ ቀን፣ 44 ሊትር ገደማ ቤንዚን፤ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

አሁን ያለችበትን ልንገራችሁ። የኋላ ፍሬን ሸራ እንደተመለስኩ ቀየርኩ፤ አሮጌው እንደ መስታወት አብረቅርቆ ነበር፣ መካኒኬ አንስቶ አየውና «ጋሼ፣ ይህን ምን ላይ ጠበስከው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሀረጎን በሦስተኛ ማርሽ ነው የምወርደው፣ ስድስት ወር ሊሞላው ነው፣ አዲሱ ሸራ ግማሹ እንኳ አላለቀም። የመጀመሪያው በሦስት ወር ነበር ያለቀው። የቤንዚኑ ልዩነት ኪሴ ላይ አልታየኝም። ካቴናዋ በየሳምንቱ ካልተቀባች ትጮሃለች፣ 8,000 ላይ ከነጥርሱ ቀይሬዋለሁ። ዘይት በየ2,000 ኪሎ ሜትር። የቆጣሪ ሽቦ ሁለት ጊዜ ተበጥሷል፣ ሁለተኛውን መቀየር ትቼ አንድ ወር ያህል በግምት ነዳሁ። የእቃ መጫኛው ብየዳ ይዟል፣ ሞተሯ ላይ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነገር የብቸናው ብየዳ ሳይሆን አይቀርም።

ለከተማና ለሥራ ምልልስ ግዙ፣ አትቆጩም። ለሩቅ መንገድ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት መጫኛውን አስበይዱ፣ የውስጥ ጎማና ካንዴላ በትርፍ ያዙ፣ ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ሻዩን ቀስ ብላችሁ ጠጡና ከቁልቁለቱ በፊት ሁለተኛ አስገቡ። «ትሸጣታለህ ወይ?» ለምትሉኝ፣ አልሸጣትም፤ ክረምቱ ሲያልፍ የጃማን ሸለቆ አስቤያለሁ።