ይህቺን የሳይክል ቦርሳ ማሰሪያዋን ሳትጎትቱ ብር እንዳትልኩ

ሳይክል ለምትነዱ ሁሉ፣ በተለይ በቴሌግራም የምትዞረዋን ትንሽ ጥቁር የፍሬም ቦርሳ ለመግዛት ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። እኔ ገዝቻታለሁ። የደረሰብኝ እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ቦርሳዋን ታውቋታላችሁ። ከመቀመጫው ፊት፣ ከላይኛው ቧንቧ ሥር ባለው ጥግ ላይ የምትታሰረዋ ናት። ትርፍ ከመነዳሪ (ጎማው ውስጥ ገብቶ የሚነፋው ላስቲክ)፣ ጎማ ማውለቂያ፣ ልጣፊ፣ ማስቲሽና መፍቻ ቁልፎች ይያዝባታል። ከከተማ ለሚወጣ ሰው ግድ ናት። ፎቶው ላይ ሦስት ማሰሪያ አላት፤ ሁለቱ ከላይ፣ አንዱ ከመቀመጫው ቧንቧ ጋር። ውስጧ በኪስ የተከፋፈለ ነው። «ውሃ አያስገባም» ይላል። ዋጋዋ 1,850 ብር፣ ክፍያው ቅድሚያ። ላክሁ።

በአራተኛው ቀን በሞተረኛ መጣች። ማሰሪያዋ ሁለት ብቻ ነው፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ከኋላ። ኪስ የሚባል ነገር የላትም። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ፎቶው እኮ ለማሳያ ነው» አለኝ። ያኔውኑ ልመልሳት ይገባኝ ነበር። ግን በማግስቱ ጉዞ ነበረን፣ አሰርኳትና ወጣሁ።

እሁድ ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር ለገጣፎን አልፈን ወደ ሰንዳፋ እየሄድን ነው። አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ ላይ ሳይክሉ ሁለቴ ነጠረ። ወዲያው ከጉልበቴ ሥር ጠረር የሚል ድምፅ ሰማሁ። የላይኛው ማሰሪያ ከነስፌቱ ተነቅሏል። ቦርሳዋ በአንዱ ማሰሪያ ተንጠልጥላ ፔዳሉ በዞረ ቁጥር ትመታለች። ከኋላዬ ደግሞ የጭነት መኪና እየመጣ ነው። ቁልቁለት ላይ ብሆንና ኋላ ጎማ ውስጥ ብትገባ ምን እንደሚከተል አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። ዳር ይዤ ቆምኩ። ዚፗ ግማሽ ድረስ ተከፍቷል። ልጣፊውና ማስቲሹ የሉም፣ መንገድ ላይ ወድቀዋል።

ቦርሳዋን ጓደኛዬ ጀርባው ላይ ባለው ሻንጣ ከተታትና ቀጠልን። ብዙም ሳንርቅ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ትርፍ ከመነዳሪ አለኝ ብዬ አልደነገጥኩም። አውጥቼ ትንሽ ስነፋው ፉሽ ይላል። ገልብጬ ሳየው የስንዴ ቅንጣት የምታክል ቀዳዳ አለችው። ኪስ ስለሌላት የቁልፉ ጫፍ መንገዱን ሙሉ ሲፈትገው ነው የቆየው። አዲስ ከመነዳሪ፣ ጎማ ውስጥ ሳይገባ ተበሳ። የጓደኛዬ ሳይክል ባለ 26 ኢንች ጎማ ነው፣ ከእኔ ይለያል፣ የእሱ ትርፍ ለእኔ አይሆንም።

ሳይክሉን እየገፋሁ አርባ ደቂቃ ያህል በእግሬ ሄጄ ጎሚስታ ቤት ደረስኩ። ጎሚስታው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ቀዳዳውን ወዲያው ለጠፈልኝ። የኮምፕሬሰሩ አፍ ግን የተሠራው ለመኪና ነው። የእኔ ከመነዳሪ ነፋስ መግቢያው ቀጭኑ ነው፣ ፕሬስታ የሚባለው፣ አይገጥምለትም። በጓደኛዬ የእጅ ፓምፕ ነፍተን ተመለስን። (ቀጭን መግቢያ ያላችሁ፣ በመኪና ኮምፕሬሰር የሚያስነፋችሁን ትንሿን የነሐስ አስማሚ ያዙ። በመጠን ከሳንቲም ብዙም አትበልጥም።)

ቤት ገብቼ ቦርሳዋን ገለበጥኳት። ማሰሪያው የተያዘው በአንድ መስመር ስፌት ነው። ሰባት ነጥብ ክር፣ በቃ። ደህና የተሠራ ቦርሳ ላይ ማሰሪያው ዙሪያውን በአራት ማዕዘን ይሰፋል፣ መሐሉ ደግሞ በመስቀለኛ ይሻገራል። ላሰፋት ብዬ ሰፈራችን ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኳት። ጋሼ ወስፌያቸውን አስገብተው ወፍራሙን ክር ሳብ ሲያደርጉት ጨርቁ ተተረተረ። «ልጄ፣ ይሄ ክር አይዝም፣ ገንዘብህን አታባክን» ብለው መለሱልኝ። ሒሳብም አልተቀበሉኝም። «ውሃ አያስገባም» የተባለውንም ሞከርኩት። ከውሃ ቧንቧ ሥር አንድ ደቂቃ ሳትቆይ ውስጧ ራሰ። እርጥብ ከመነዳሪ ላይ ደግሞ ማስቲሽ አይዝም።

ሻጩ የተነቀለውን ማሰሪያ ፎቶ ስልክለት ዘጋኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በገዛን በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልን ወይም ገንዘባችን እንዲመለስልን የመጠየቅ መብት ይሰጠናል። እኔ ግን ደረሰኝ አልነበረኝም፣ የሻጩንም አድራሻ አላውቅም። ስለዚህ ደረሰኝ የማይሰጥ፣ ሱቁ የት እንደሆነ የማይናገር ሰው ጋ ቅድሚያ አትክፈሉ። ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ክተቱበት። ማሰሪያውን ብቻ ይዛችሁ አንጠልጥሉትና በደንብ ነቅንቁት። ስፌቱ ሲከፈት ካያችሁ ለሞተረኛው እዚያው መልሱለት። ስፋቱንም ተመልከቱ፤ ከአራት ጣት ከሰፋ ጉልበታችሁን ይነካል።

ቀድሞ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ከመነዳሪውን አሮጌ ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ቁልፉንም በጨርቅ ጠቅልሉት። ማሰሪያው የሚያርፍበት ቧንቧ ላይ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠምጥሙ፤ ቦርሳው አይንሸራተትም፣ ቀለሙም አይፋቅም። የዚችን ቦርሳ ማሰሪያ ግን ለከተማም ቢሆን አትመኑት።

ትናንት ሐዋሳ ያለ ጓደኛዬ አንድ ፎቶ ልኮ «ይቺ እንዴት ናት?» አለኝ። ያው እኔ አይቼ የገዛሁበት ፎቶ ነው። ቀይ ሳይክል፣ ከኋላው ነጭ ግድግዳ፣ ቦርሳዋ በሦስት ማሰሪያ። የቻናሉ ስም ሌላ ነው፣ ዋጋው 2,100 ገብቷል። ይህን ፎቶ ካያችሁ እሷው ናት።