ስልካችሁ ሎጎ ላይ ከቀረ፣ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት

አባዶ፣ ጣፎ፣ አያት አካባቢ ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። በተለይ የእናት የአባት ስልክ ይዛችሁ ጥገና ቤት የምትመላለሱ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የእናቴ ሳምሰንግ ኤ12 አልበራም አለ። ስሙን ያሳያል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ያሳያል። እኔ ሥራ ነበርኩ። እሷ ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለ ጥገና ቤት ይዛው ሄደች። ልጁ አገላብጦ አየና «እማማ፣ ሶፍትዌር ብቻ ነው፤ 1,200 ብር» አላት። ከፈለች።

ማታ ስልኩ በርቶ መጣ። ግን እንደ አዲስ ዕቃ ቋንቋ ምረጡ ይላል። ትንሽ ገፋ ስናደርገው የቀድሞውን የጎግል አካውንት ካላመጣችሁ አላልፍም ብሎ ቆመ። ልጁ ጋ ደወልን። «እሱ የጎግል ሎክ ነው፣ ሌላ ሥራ ነው፣ 2,000።» ፎቶዎቹስ? «እነሱም ይመለሳሉ፣ 3,000።» ደምሩት፤ 6,200 ብር። «ሶፍትዌር ብቻ» የተባለው ስልክ ማለት ነው።

በማግስቱ እኔው ሄድኩ። ልጁ የሌላ ሰው ሳምሰንግ ይዞ ስለነበር ጎኑ ቆሜ አየሁ። ስልኩን አጠፋው። ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ከኮምፒውተሩ የመጣውን ኬብል ሰካ። ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰማያዊ ገጽ መጣ። የድምፅ መጨመሪያውን ሲጫን ስልኩ ፋይል ለመቀበል ተዘጋጀ። ኮምፒውተሩ ላይ ኦዲን የምትባል፣ የሳምሰንግን ሲስተም የምትጭን ፕሮግራም ተከፍታለች። ፋይል የሚገባባቸው ረድፎች አሏት፦ ቢኤል፣ ኤፒ፣ ሲፒ፣ ሲኤስሲ። ፋይሎቹን ሞላ፣ ስታርት አለ፣ ሻይውን አነሳ። ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴ «ፓስ» መጣ። ሥራው በቃ ይሄ ነው።

ያኔ ያልገባኝን ነገር በኋላ መገናኛ ያለ አንድ የማውቀው ባለሙያ አስረዳኝ። ጉዱ ያለው ሲኤስሲ በምትለው ረድፍ ላይ ነው። ፎልደሩ ውስጥ ለእሷ የሚሆኑ ሁለት ፋይሎች አሉ። አንዱ በደፈናው ሲኤስሲ ይባላል፤ እሱ ከገባ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠረጋል። ሁለተኛው ሆም ሲኤስሲ ነው፤ ሲስተሙን አድሶ ፎቶውንና ቁጥሩን ይተዋል። ልጁ የእናቴ ስልክ ላይ ዓይኑን ሳያሽ የመጀመሪያውን ነው የጫነው። ሆሙ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም። የተበላሸው ራሱ ዳታው ከሆነ ከመጥረግ ሌላ መላ አይኖርም። ግን ቀድሞ ይሞከራል። ቢያንስ ባለቤቷ ትጠየቃለች እንጂ! ፎቶው ውስጥ የአባቴ ተዝካር ነበር።

የጎግል ሎኩን ነገር ደግሞ ስሙ። ልጁ ራሱ ነው ያመጣው። አንድሮይድ ስልክ በሴቲንግ በኩል ሳይሆን ከውጭ ሲጠረግ «ተሰርቄ ይሆናል» ብሎ የባለቤቱን አካውንት ይጠይቃል። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ የመጣ የሌባ መከላከያ ነው። ጥገና ቤቱ መጀመሪያ ይጠርጋል፣ ከዚያ መጥረጉ ያመጣውን መዝጊያ ለመክፈት ያስከፍላል። ጥሩ ቢዝነስ ነው።

እናቴ ደግሞ ኢሜይሏን አታውቀውም። ስልኩን ስንገዛ ሻጩ «ልክፈትልዎት?» ብሎ የፈለገውን ፓስወርድ አስገብቶ ሰጣት። ስንቶቻችን ቤት እንዲህ ነው? ደግነቱ ያስመዘገበው የራሷን ስልክ ቁጥር ነበር። ሲሟን እኔ ስልክ ላይ አድርገን ጎግል በላከው ኮድ ፓስወርዱን ቀየርን። በማግስቱ ስናስገባው ተከፈተ። ሳንቲም አልከፈልንም።

«ፎቶ እመልሳለሁ» የሚለውን ግን በጭራሽ እንዳታምኑ። የአሁን ስልኮች ዳታውን ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት። ስልኩ ሲጠረግ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። ሚሞሪ ካርድ ላይ የነበረ ካለ፣ ወይም ጎግል ፎቶስ ላይ የተቀመጠ ካለ እሱ ይተርፋል። ከዚያ ውጭ 3,000 ብሩ ለወሬ ነው።

«ፋይሉን በዶላር ነው የምገዛው» ብሎኝም ነበር። የሳምሰንግ ፈርምዌር፣ ማለትም ያ የሚጫነው የሲስተም ፋይል፣ በነፃ ይወርዳል። ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ኢንተርኔቱ ያስወጣል፣ ሙያውም ዋጋ አለው፤ ለሱ አልከፍልም አላልኩም። የውሸት ዶላር ግን አልከፍልም።

እንግዲህ ስልክ ሎጎ ላይ ሲቀር መጀመሪያ እቤት የሚሞከር አለ። የድምፅ መቀነሻውንና የማብሪያውን ቁልፍ አንድ ላይ ለአስር ሰከንድ ያህል ያዙ፤ ሳምሰንግ ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይነሳል። ካልሆነ በሪከቨሪ ሜኑ (ስልኩ ሲነሳ በቁልፎቹ የሚከፈተው የጥገና ዝርዝር) ካሼን፣ ማለትም ጊዜያዊ ፋይሎቹን፣ ብቻ ማጽዳት አለ፤ እሱ ፎቶ አይነካም። ተጠንቀቁ፣ ዳታ የሚለው ምርጫ እዚያው ከአጠገቡ ነው ያለው። ጥገና ቤት ከሄዳችሁ ደግሞ «ዳታው ሳይጠፋ ሞክር፣ ካልሆነ ደውልልኝ» በሉ፣ ከጎኑም ቁሙ። አይፎንም ላይ ኮምፒውተሩ «አፕዴት» ወይስ «ሪስቶር» ብሎ ይጠይቃል። ዳታ የማይነካው አፕዴቱ ነው።

ጎረቤቴ ቴክኖ አለው። የሱ የባሰ ነው። አንዱ ጋ ፍላሽ አስደርጎ፣ ማለትም ሲስተሙን እንደ አዲስ አስጭኖ፣ ሲመለስ ኔትወርክ የለም፤ አይኤምኢአይ የሚባለው የስልኩ መለያ ቁጥር ጠፍቷል። በነዚህ ስልኮች ላይ «ፎርማት ኦል» የሚለው ከተመረጠ ቁጥሩም አብሮ ይጠረጋል። ስለዚህ ስልኩ ደህና እያለ *#06# ደውሉና የሚመጡትን 15 አሃዝ ቁጥሮች ጽፋችሁ አስቀምጡ። ሁለት ሲም ከሆነ ሁለት ናቸው። ስልኩን ስትቀበሉም እዚያው ሱቁ ውስጥ ድገሙት።

መብራቱንም አትርሱ። የኛ ሰፈር መብራት ታውቁታላችሁ። ፋይሉ እየተጫነ ኮምፒውተሩ ድርግም ካለ ስልኩ ከነጭራሹ ሊሞት ይችላል። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ የሌለበት ቤት አታስደርጉ።

ገንዘቡን መልስልኝ ስለው ልጁ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። «ከሱቅ ለወጣ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» ይላል። ደረሰኝ ስጠኝ አልኩት፤ ሳቀ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደረሰኝ ይሰጥ ይላል፤ እሱ ግን ደብተር እንኳ የለውም። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ እኔ የጠየቅኩት ከረፈደ ነው።

የተዝካሩ ፎቶ ጥቂቱ የአክስቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ ተገኝቷል። የእናቴን ኢሜይል ደግሞ በትልልቅ ፊደል ጽፈን ከመብራት ካርዷ ጋር አስቀምጠነዋል።