የምትጠቁረዋ ብልቃጥ፦ የጉድጓድ ውሃ መመርመሪያ በአዘዞ

የሰፈራችን የውሃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። አዘዞ፣ ጎንደር። ቧንቧው በተራ ስለሚመጣ ብዙ ቤት የሚጠጣው ከእጅ ፓምፑ ነው። ክረምት ገብቶ የልጆች ሆድ ሲታመም ጉድጓዱ ይወቀሳል። እኔም በወሬ ከምንጣላ ብዬ በኮሚቴው ገንዘብ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ መመርመሪያ ብልቃጥ አስገዛሁ።

ውስጧ መድኃኒት የተነከረ ወረቀት አለ፤ ከዓይነ ምድር የሚመጡ ባክቴሪያዎች ሲራቡ የሚያወጡት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያጠቁረዋል። እጅ ታጥቦ፣ አፏን ሳይነኩ ውሃው እስከ መስመሩ ይሞላና ይከደናል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከጠቆረች ውሃው ከዓይነ ምድር ጋር ንክኪ ሳይኖረው አይቀርም። መብራት የለ፣ ማሽን የለ።

የወደድኩላት ውጤቷን ማንም ማንበብ መቻሉን ነው። «በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ 0 መሆን አለበት» ብዬ ስብሰባ ላይ ባነብ ማን ይሰማኛል? ጥቁር ብልቃጥ ግን አያከራክርም። አንዲት እትየ «ኩልል ያለ ውሃ ደግሞ ምኑ ይመረመራል ልጄ?» ብለውኝ ነበር። ከፓምፑ የቀዳነው ቀለሙን ሳይለውጥ ቀረ። ከእሳቸው ጀሪካን የቀዳነው እንደ ጠላ ጠቆረ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ወሬ ስለ ጀሪካን እጥበትና ስለ ውሃ አጋር ሆነ።

ብርድ ላይ ግን ደካማ ናት። ባክቴሪያው ለመራባት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ሐምሌ ላይ መደርደሪያ ላይ ብትቀመጥ ውሃው ተበክሎም ሳትጠቁር ልትቆይ ትችላለች። እኛ በጋቢ ጠቅልለን ማድ ቤት አኖርናት። አብሯት የመጣው መመሪያ ስለዚህ አንዲት ቃል አይልም፤ ያውም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ይሄ አናዶኛል።

ሌላም አለ። በተፈጥሮው ሰልፋይድ ያለበት ውሃ ያለ ባክቴሪያ ሊያጠቁራት ይችላል። ስለ ፍሎራይድና ስለ ናይትሬት ምንም አትናገርም። ሽንት ቤት ጉድጓዱ አጠገብ ከሆነ ናይትሬት ያሳስባል፣ በተለይ የጡጦ ወተት በዚያ ውሃ ለሚበጠበጥላቸው ጨቅላዎች፤ ከ50 ሚሊ ግራም በሊትር ማለፍ የለበትም። ለዚህ ላቦራቶሪ ነው። ንጹሕ የናሙና ጠርሙስ ከራሳቸው ተቀበሉ። ለባክቴሪያ ምርመራ ከሆነ የፓምፑን አፍ በአልኮል ጥጥ ለኩሱት፣ ናሙናውንም በበረዶ ሣጥን በ6 ሰዓት ውስጥ አድርሱ።

አንዱ የኮሚቴ አባል ውሃውን ሮዝ የምታደርገዋን የመመርመሪያ ኪኒን ካልገዛን ብሎ ነበር። እሷ የምትለካው ክሎሪን ብቻ ነው። ጉድጓድ ታክሞ የቀረውን ለማየት ጥሩ ናት፣ ሥራዋ ግን ሌላ ነው።

ያገለገለች ብልቃጥ ባክቴሪያ የተራባባት ስለሆነች በረኪና ጨምሩባትና ውሃውን ሽንት ቤት ድፉት። ልጅ እጅ እንዳትገባ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ። ለመጪው ክረምት ደግመን እናዛለን፤ አብዛኞቹን ግን ለየቤቱ ጀሪካን።