ጥቁሩ ቢራ ስታውት አልነበረም

እዚህ ቤት የገባሁት ራት ልበላ ነበር። ምግቡ ደህና ነው፤ ድንቹ ትኩስ ነው፣ ስጋው ለስላሳ ነው፣ በቃ። ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለ ቢራ መቅመሻ ትሪው ነው።

አምስት ትንንሽ ብርጭቆ በእንጨት ትሪ ተደርድሮ ይመጣል። ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ስሙን የሚነግሯችሁ ቀምሳችሁ ከገመታችሁ በኋላ ነው። ላንሳ ስል አስተናጋጁ «ቆይ፣ መጀመሪያ ያሽትቱት» አለኝ። ይሄን ልጅ ወደድኩት።

አንደኛው ፒልስነር ነው። ጥርት ያለ ወርቃማ፣ ምሬቱ ምላስ ላይ ትንሽ ቆየት ብሎ ንጹህ ሆኖ የሚያልቅ። መጀመሪያ የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ1842 ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር፣ ፒልዘን ከተማ ነው፤ ጠማቂው ዮሴፍ ግሮል የሚባል የባቫሪያ (ደቡብ ጀርመን) ሰው ነበር። ዛሬ በየአገሩ የሚጠጣው ወርቃማ ላገር (በቀዝቃዛ ቦታ ቀስ ብሎ የሚብላላ ቢራ) አብዛኛው የፒልስነር ዘር ነው።

ሁለተኛው ደፍረስ ያለ የስንዴ ቢራ ነው። ገና ሳላነሳው ሙዝ ሸተተኝ፣ ከኋላው ደግሞ ቅርንፉድ። «ሙዝ ጨምራችሁበታል እንዴ?» አልኩ። አልጨመሩም። እርሾው ሲያብላላ የሚፈጥረው ሽታ ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ሳልጠራጠር «ሁለቱም ስታውት» አልኩ፤ ስታውት ጥቁርና ወፍራም የቢራ ዓይነት ነው። ልጁ አይኔን ጨፍኜ እንድቀምስ ነገረኝ። አንዱ ቡና ቡና ይላል፣ ወፍራም ነው፣ ጥቁር ከተቆላ ገብስ የሚመጣ ምሬት አለው። ሌላው ግን ቀለል ብሎ ይወርዳል፤ የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ጣዕም ትቶ ይጠፋል። ሽቫርትስቢር ነው፤ ጥቁር ላገር። ቀለሙን የሚሰጠው የብቅሉ አቆላል ነው። ከሁለቱ ዋና የቢራ ወገኖች ላገር ወይም ኤል የሚያሰኘው ግን እርሾውና ሙቀቱ ነው። የላገር እርሾ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ገደማ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ቀስ ብሎ ይሠራል። የኤል እርሾ ከ15 በላይ ሞቅ ያለ ይፈልጋል። ስታውት ከኤል ወገን ነው።

አምስተኛው አይፒኤ የሚባል የኤል ዓይነት ነው። የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ያለው መራራ፤ እሱን ማንም አይስተውም።

ቅር ያለኝ ስታውቱ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ መቅረቡ ነው። መጀመሪያ ምንም አልሸተተኝም። ብርጭቆውን በመዳፌ ይዤ ጥቂት ደቂቃ ከጠበቅኩ በኋላ ነው ቡናው ብቅ ያለው። እባካችሁ ቀደም ብላችሁ ከማቀዝቀዣ አውጡት። ብርጭቆውም አፉ ሰፋ ቢል ጥሩ ነው፤ አፍንጫ አያስገባም።

ሁለተኛ ትሪ አዘዝኩ። ልጁ አደባልቆ አቀረበልኝ፣ እኔም አይኔን ጨፈንኩ። ስንዴውን፣ ስታውቱንና አይፒኤውን አገኘሁ። ፒልስነሩንና ጥቁሩን ላገር ግን አቀያየርኳቸው። አይኔን ስገልጥ ወርቃማውን ይዤ «ጥቁሩ ይሄ ነው» እያልኩ ነበር።