የእናቴን ጾም ለጠበቀላት የካራይኩዲ ባለ ባጃጅ፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

አማርኛ ስለማያነብ ይህን ጽሁፍ እሱ አያየውም። ቢሆንም ሳልጽፈው ብቀር ይቆጨኛል። ለሕክምና ወደ ሕንዷ ከተማ ቼናይ የምትመጡ፣ በተለይ እናት ወይም አባት ይዛችሁ የምትመጡ ወገኖቼ፣ ይህን ሰው እወቁልኝ።

እናቴን ለልብ ሕክምና ይዤ ነው የመጣሁት። ምርመራው አልቆ መድኃኒቷ ተቀየረና ሐኪሙ ከ12 ቀን በኋላ ተመለሱ አለን። 12 ቀን ሙሉ ሆስፒታል አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የመኪና ጥሩምባ እየሰሙ መቀመጥ ለጤነኛም ይከብዳል። እናቴ ገጠር ያደገች ሰው ናት፤ በሁለተኛው ቀን «እባክሽ ዛፍ ያለበት ቦታ ውሰጂኝ» አለችኝ። ሐኪሙን አስፈቀድን። ደረጃ አታብዛ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትዋጥ ብሎ ለቀቀን። ከኤግሞር ጣቢያ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ፓላቫን ኤክስፕረስ የሚባል ባቡር ተሳፍረን፣ ወደ ደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ካራይኩዲ ወረድን። ካራይኩዲ ቼቲናድ የሚባለው አገር ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ እንደ ካናዱካታንና አታንጉዲ ያሉ ትንንሽ የገጠር ከተሞች አሉ፤ እኛም የሄድነው እነሱን ብለን ነው።

ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ዝናብም ይጥላል። (ቼናይም ካራይኩዲም ያሉበት የታሚል አገር ዋናው ዝናብ እንደ እኛ በክረምት ሳይሆን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ጃንጥላ ያዙ።) ቀድመን በስልክ የያዝነው ማረፊያ ፓስፖርታችንን ሲያይ የውጭ አገር ሰው አናሳድርም አለን። በኋላ እንደገባኝ፣ ሕንድ ውስጥ የውጭ እንግዳ የሚያሳድር ቤት ሁሉ ፎርም ሲ የሚባል ቅጽ ሞልቶ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት፤ ትንንሾቹ ማረፊያዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ጣጣ ውስጥ ላለመግባት ሰውን ይመልሳሉ። ክፍል ስትይዙ መጀመሪያ «ፎርም ሲ ትሞላላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም። እናቴን ከነሻንጣዋ በረንዳ ላይ አስቀምጬ የምይዝ የምጨብጠው ጠፋኝ።

ከጣቢያው ያመጣን ባለ ባጃጅ ግን አልሄደም። ሒሳቡን ተቀብሏል፣ ሥራው አልቋል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ያየናል። (እዚያ ባጃጅ ብትሉ አይገባቸውም፤ አውቶ ነው የሚሉት።) ወርዶ መጣና እኔን ትቶ እናቴን «አማ፣ ሳፕቲንገላ?» አላት። «እማ፣ በልተሻል?» ማለቱ ነው፤ ታሚሎች እንደ ሰላምታ የሚጠያየቁት ይህንን ነው። እናቴ «አማ» የምትለዋን ብቻ ሰምታ «አቤት ልጄ» አለችው። «አማ» በእነሱም ቋንቋ እናት ነው። ሁለቱ የተግባቡት በዚያች ቃል ነው።

ሦስት ቦታ ደወለ። ሦስተኛው እሺ አለ። ወስዶን ሻንጣውን ራሱ አስገብቶ፣ ቅጹ ተሞልቶ ቁልፉ እጃችን እስኪገባ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ለተጨማሪው መንገድ ምን ያህል ልስጥህ ስለው፣ የተናገረው ዋጋ ከመጀመሪያው አንድ ሳንቲም አይበልጥም። ያኔውኑ ለቀሩት ቀናት ተዋዋልን፦ ቀኑን ሙሉ ይዞን ሲዞር 1,500 ሩፒ።

ጠዋት ስንወጣ በጨለማው ያላየነውን አየን። ሰውየው ባዶ እግሩን ነው። ጥቁር ሽርጥ አገልድሟል፣ አንገቱ ላይ መቁጠሪያ አለ፣ ግንባሩ ላይ የተፈጨ የሰንደል እንጨት ተቀብቷል፣ ጢሙ አድጓል። እናቴ አንዴ ከላይ እስከ ታች አየችውና ቀስ ብላ «ይሄ ልጅ ስለት አለበት» አለችኝ። እኔ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር። ልክ እሷ እንዳለችው ሆኖ ተገኘ። በዚያ ወቅት ብዙ ታሚሎች ኬረላ በሚባለው ጎረቤት ክፍለ ግዛት ተራራ ላይ ወዳለው ሳባሪማላ የሂንዱ መቅደስ ለመሳለም 41 ቀን ይሳላሉ፤ ሥጋ አይበሉም፣ መጠጥ አይቀምሱም፣ አይላጩም፣ መሬት ላይ ይተኛሉ፣ ጎሕ ሲቀድ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ። ስለት ላይ ያለን ሰው ማንም በስሙ አይጠራውም፤ ሁሉም «ሳሚ» ይለዋል፣ ጌታዬ እንደማለት። እናቴ ገበያው ሁሉ ሳሚ ሳሚ ሲለው ሰምታ «ሳሙኤል ነው ስሙ?» ብላኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ሳሚ አልነው።

እናቴ ደግሞ የነቢያትን ጾም ይዛለች። መድኃኒት ስላለባት የንስሐ አባቷ እስከ ቀትር ብቻ እንድትቆይ ፈቅደውላታል፤ ከዚያ በላይ እንድትቀንስ ብንለምናትም አልሰማችንም። ቼናይ ሳለን በጾሟ ምክንያት በጣም ተሰቃይተናል። «አትክልት ብቻ» ስንል ደስ ብሏቸው ያመጡልናል፤ ላዩ ላይ ግን ንጥር ቅቤ ፈሶበታል፣ ወይም እርጎ ገብቶበታል። ለእነሱ ወተት ጾም አያስገድፍም፤ አይፈረድባቸውም። እናቴ ሁለት ቀን ሙዝ ብቻ በልታ ውላለች።

ይህን ለሳሚ በምን ቋንቋ እንደማስረዳው ጨንቆኝ ነበር። እንግሊዝኛው ትንሽ ነው። 10ኛ ክፍል ለምትማር ልጁ ደወለና ስልኩን ሰጠኝ፤ ነገርኳት፣ ለአባቷ ነገረችው። ሳሚ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እናቴን አያት። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ፣ የገባንበት ምግብ ቤት ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ወጥ ቤት ድረስ ይገባል። ድምፁ እስከ ውጭ ይሰማል፦ «ፓል ቬንዳም! ነይ ቬንዳም! ታዪር ቬንዳም!» ወተት አይሁን፣ ቅቤ አይሁን፣ እርጎ አይሁን። ጿሚዎች፣ እነዚህን ሦስቱን በቃላችሁ ያዙ፤ ለእንቁላል «ሙታይ ቬንዳም» ጨምሩበት። አንድ ቦታ ምጣዱ ቅቤ የነካው መሆኑን አይቶ፣ አጥበው እንደገና በሰሊጥ ዘይት እንዲጋግሩ አድርጓል። እሱ ራሱ ቅቤ ይበላል እኮ! የእሱ ሥርዓት አይከለክለውም። ለእሷ ብሎ ነው። ከሁሉ የበለጠ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው፤ እናቴ እስከ ቀትር እንደማትቀምስ ካወቀ ወዲህ እሱም ከእሷ በፊት አልቀመሰም። ብላ ብንለው ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፣ ወደ ውጭም ይወጣል።

እንዲህ ሆኖ እናቴ በልታ ጠገበች። ኢድሊን ወደደችው። ሩዝና ከማሾ የሚቀራረብ ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ሌሊቱን ቦክቶ በእንፋሎት የሚበስል ነው። ዶሳ ደግሞ ከዚያው ሊጥ በምጣድ ላይ በስሱ ይጋገራል፤ እናቴ ጠርዙን አንስታ አሸተተችና «እርሾው ደርሷል» አለች። ምሳ በሙዝ ቅጠል ላይ ይቀርባል፣ በቀኝ እጅ ይበላል፤ ሲጨርሱ ቅጠሉን ወደ ራስ ማጠፍ ነው። ቡናውን በወተት ነው የሚጠጡት፤ ሳሚ ያለ ወተት አስቀዳላት። አንዴ ፉት ብላ «ውስጡ ሌላ ነገር አለ» አለች። እውነቷን ነው፤ ቺኮሪ የሚባል ሥር ቆልተው ይቀላቅሉበታል። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትቆላ የኖረች ሴት ምላስ አይሸወድም።

ያየነውን ሁሉ ልዘርዝር ብል አይበቃኝም፤ አታንጉዲን ግን አልዘልም። እዚያ የወለል ሸክላ በእጅ ይሠራል፤ እሳት የሚባል ነገር የለበትም። አንድ ሠራተኛ መሬት ላይ ተቀምጦ የመስታወት ቁራጭ ፊቱ አደረገ፣ በላዩ የአበባ ቅርጽ ያለው የብረት ፍሬም ጣለ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ የተበጠበጠ ቀለም በየጉድጓዱ በጭልፋ ሞላ፤ ፍሬሙን ቀጥ አድርጎ ሲያነሳው አበባው ሳይቀላቀል ቀረ። ከጀርባው ደረቅ ሲሚንቶና አሸዋ ነሰነሰበት፣ ከዚያ እርጥቡን ደፍቶ ደለደለው። ሲደርቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይሰነብታል፣ መስታወቱ ሲለቅም ፊቱ ያበራል። ሳሚ እናቴን በርጩማ ፈልጎ አስቀምጧት ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ አየች። ሠራተኛው ፍሬሙን ባነሳ ቁጥር ትንፋሿን ትይዝ ነበር።

ካናዱካታን ሌላ ዓለም ነው። ናቱኮታይ ቼቲያር የሚባሉ ነጋዴዎች በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በርማ (የዛሬዋ ምያንማር)፣ ሲሎን (ስሪላንካ) እና ማላያ (ማሌዥያ) ሄደው ነግደው፣ ገንዘብ አበድረው፣ በገንዘባቸው አገራቸው ላይ ቤት ሠሩ። ምሰሶው ቲክ የሚባል የበርማ እንጨት፣ እብነ በረዱ የጣሊያን። ግድግዳው በኖራና በእንቁላል ነጭ ተለስኖ እጅ ሲነካው እንደ ብርጭቆ ይቀዘቅዛል። ከፊት በር ቆማችሁ ስታዩ በር በበር እየሆነ እስከ ጓሮው ድረስ ይታያል፤ መሃል ላይ ሰማይ የሚታይበት አደባባይ አለ፣ ዝናቡ ከአራቱም ጣሪያ ወደዚያ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓን በርማን ስትይዝ፣ ኋላም ንብረት ሲወረስ፣ ያ ሁሉ ሀብት ቀረ። ቤቶቹ ግን አሉ። አንዱን ቤት ብዙ ወራሾች ስለሚጋሩት አብዛኛው ተዘግቶ ይኖራል፤ ቁልፉ ጠባቂ እጅ ነው፣ ዘመድ የሚሰበሰበው ለሠርግ ነው። ሳሚ አንድ አዛውንት ጠባቂ ያውቅ ነበርና አስከፈተልን። እናቴ ባዶውን አደባባይ እያየች ብዙ ዝም አለች። እኛ ሰፈር አሜሪካ ያለ ሰው ያሠራው ሦስት ፎቅ አለ፤ ዘበኛ ብቻ ነው የሚኖርበት። እሱን ነበር ያሰበችው፤ ማታ ነገረችኝ።

እሑድ ጠዋት ሳንጠይቀው ከንጋቱ መጥቶ ደጃፍ ቆመ። ወሩ በታሚሎች አቆጣጠር ማርጋዚ ነው፤ በዚህ ወር ሴቶች ጎሕ ሳይቀድ ደጃቸውን ጠርገው በሩዝ ዱቄት ትልልቅ ሐረግ ይሥላሉ፣ በመሃሉ የዱባ አበባ ይተክላሉ፤ ከመቅደሱ ድምፅ ማጉያ ዝማሬ ይሰማል። በዚያ መሃል ሳሚ በቀስታ እየነዳ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አደረሰን። የካቶሊክ ነው፤ እናቴ ባትቆርብም ደጀ ሰላሙ ጋ መቆም ፈለገች። ሰው ሁሉ ጫማውን ውጭ አውልቋል፤ ሴቶቹ በሳሪያቸው ጫፍ ተከናንበው ወለል ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከመካከላቸው ተቀመጠች፤ አንዲት አሮጊት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ሳሚ በጥቁር ልብሱ፣ በመቁጠሪያው፣ በር ላይ ቆሞ ጫማዋን ይጠብቅ ነበር። ስትወጣ ጎንበስ ብሎ አቀረበላት። እኔ የዚያን ቀን ነው ያለቀስኩት።

ስለ አነዳዱም ልናገር፤ የልብ ሕመምተኛ ለምትይዙ ይጠቅማል። መቀመጫው ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ አነጠፈላት። መንገዱ ላይ ጉብታ ሲመጣ አስቀድሞ «አማ» ይላል፣ እሷ ብረቱን ትይዛለች፣ እሱ ሕፃን የተሸከመ ያህል በቀስታ ነድቶ ያሻግራታል። አራት ቀን ሙሉ አንዴም አልዘነጋም።

በመጨረሻው ቀን ቤቱ ወሰደን። ልጁ ደብተሯን አውጥታ ፊደላቸውን አሳየችን፦ 12 አናባቢ፣ 18 ተነባቢ፤ ተነባቢው እንደ እኛው ሀሁ በየአናባቢው ቅርጹን እየቀያየረ 216 ይሆናል። የእናቴን ስም በታሚል ጻፈችላት፤ ወረቀቷን ዳዊቷ ውስጥ አስቀምጣታለች። ሚስቱ ለባቡር መንገዳችን ተምር ሂንዲ በሚባለው ጎምዛዛ ፍሬና በሰሊጥ ዘይት የተሠራ ሩዝ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ፣ በጋዜጣ አስራ ሰጠችን። ፍጹም የጾም ነው፤ አረጋግጣ ነው የሠራችው። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት። ሴትዮዋ እግሯ ላይ ወድቃ ስትነካት እናቴ ደንግጣ አነሳቻት፤ «ልጆችሽን ያሳድግልሽ» ብላ በአማርኛ መረቀቻት። አሜን የሚል ስለጠፋ እኔው አሜን አልኩ።

ታሚሎች ሲለያዩ ደህና ሁን አይሉም፤ ሄዳችሁ ኑ ነው የሚሉት፣ እኛ «ሄጄ ልምጣ» እንደምንለው። ሳሚ የባቡሩን መስኮት ይዞ «ፖይቱ ቫንጋ፣ አማ» አላት። ትርፍ ገንዘብ ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ የተዋዋልነውን ቆጥሮ ወስዶ የቀረውን እጄ ላይ መልሶ ጨበጠልኝ።

የቀጠሯችን ቀን ከሳባሪማላ መንገድ ላይ ሆኖ ደውሎ ሐኪሙ ምን አለ ብሎ ጠይቋል። መልካም ነው የተባልነውን ሲሰማ አብረውት ከሚጓዙት ጋር በደስታ ሲጮኹ ሰምተናል። የገና ዕለት እኛ ደወልንለት። ጢሙን ተላጭቷል፣ ነጭ ለብሷል። «አማ፣ ሳፕቲንገላ?» አለ። እናቴ የዶሮ ወጡን ሰሃን ወደ ካሜራው አነሳችለት።

ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ ጥቁር ለብሶ ባዶ እግሩን ታገኙታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት መንገድ ላይ ነው። ዋጋውን አትከራከሩት፤ የነገራችሁ ትክክለኛው ነው። የአማ አገር ሰዎች ነን በሉት።