አዳማ ውስጥ የጠፋ ዕቃ በዲቴክተር የሚፈልገው ልጅ፦ ከማሽኑ በፊት ፈቃድ

የጠፋ ቀለበት ወይም ሐብል በዲቴክተር፣ ማለትም በብረታ ብረት መፈለጊያ ማሽን፣ ፈልጎ የሚያወጣ ሰው አዳማ ውስጥ እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። እኔም ስልክ ቁጥሩን ያገኘሁት ፖስታ ቤት አካባቢ ሞባይል ከሚጠግን ጎረቤቴ ነው። አሠርቼዋለሁ፣ ከፍዬዋለሁ፤ ያየሁትን ልጻፍ።

እናቴ የሰጠችኝ የወርቅ ቀለበት ፍራንኮ ሰፈር ተከራይቼ በነበርኩበት ግቢ ልብስ ሳሰጣ ከጣቴ ወለቀ። ያኔ አፈሩን በእጄ ብበረብርም አጣሁት። አሁን እዚያ ሌሎች ተከራዮች ገብተዋል። ቀለበቱ የኔ ነው፣ ግቢው ግን የሰው።

መጀመሪያ ያነጋገርኩት ሌላ ሰውዬ ነበር። "ማታ ሲተኙ ገባ ብለን እንወጣለን። መሬት እንደሆነ የመንግሥት ነው፣ ፈቃድ ምን ያደርጋል?" አለኝ። በጣም ነው የተናደድኩት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፣ ልክ ነው። እንዲህ ሲባል ግን የሰው ግቢ ሜዳ ሆነ ማለት አይደለም። ካርታ የያዘው ሰው የይዞታ መብት አለው፤ በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው።

ይሄኛው ልጅ ግን ገና ነገሩን ሳልጨርስለት "ግቢው የማን ነው? አሁንስ ማን ይኖርበታል?" ብሎ ጠየቀኝ። አከራዬ ዘንድ አብረን ስንሄድም ማሽኑን ቤቱ ትቶ ነው የመጣው። ዲቴክተር ተሸክሞ በር የሚያንኳኳ ሰው ያስደነግጣል አለኝ። እውነቱን ነው።

"እማማ፣ እንዴት አደሩ? ይቺ ልጅ እርስዎ ግቢ ቀለበት ጠፍቶባታል። ከፈቀዱ እንፈልግላት፣ ካልፈቀዱም ተመርቀን እንሄዳለን" አላቸው።

"የጣልያን ወርቅ ፍለጋ እንዳይሆን ብቻ!" አሉ እማማ። እኛ አገር ዲቴክተር በታየበት ሁሉ ጣልያን ቀበረው የሚባለው ወርቅ መወራቱ አይቀርም፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ልጁ ተቀምጦ በእርጋታ አስረዳቸው። የምንፈልገው ማስጫው ገመድ ሥር ብቻ ነው፣ ከአንድ ስንዝር በላይ አንቆፍርም፣ የተቆፈረው እዚያው ይደፈናል። ካርታው በልጃቸው ስም ስለሆነ አዲስ አበባ ደወልንለት። እሱም የማንጎው ሥር እንዳይነካ አደራ ብሎ ፈቀደ። ቀጥሎ ተከራዮቹን ጠየቅን። ባለቤቱ ፈቅዷል ተብሎ እነሱ ደጃፍ ላይ ዝም ብሎ አይቆፈርም፤ ይሄን የሚያስብ ሰው ማግኘት እንዴት ደስ እንደሚል!

ከዚያ በግማሽ ወረቀት ስምምነት ጻፈ። የት እንደሚፈለግ፣ የውሃ መስመሩ አጠገብ እንደማይቆፈር፣ ከቀለበቱ ሌላ የተገኘ ነገር ሁሉ ለእማማ እንደሚሰጥ። አንድ መስመር ጨመረ፦ ጥንታዊ የሚመስል ነገር ከወጣ ቁፋሮው ይቆማል፣ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይነገራል። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ መፈለግን ይከለክላል፤ ድንገት የተገኘም እንዲነገር ያዛል። የጎረቤት ምስክር ፈረመ፣ አንዱ ቅጂ እማማ ጋ ቀረ።

ፍለጋው ራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ማሽኑ ጋሬት ኤስ 250 ነው። የአዳማ አፈር ቀይ አሸዋ ስላለበት፣ አሸዋውም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነና ብረት ስላለው፣ ማሽኑ ያለ ነገር ይንጫጫል። ልጁ ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም የማሽኑን ንቃት፣ ዝቅ አድርጎ ጫጫታውን ቀነሰው። ከቆርቆሮ አጥሩም ራቅ ብሎ ነው የሚሠራው። ለብረት ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ለብር ሳንቲም እንደ ደወል ያቃጭላል። የወርቅ ቀለበት በሁለቱ ድምፆች መሀል ላይ ነው የሚወድቀው፤ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀትና የለስላሳ ጣሳ ላይ ተስቦ የሚነሳው መክፈቻም እዚያው ይገባሉ። ስለዚህ መሀል ላይ የጮኸውን ሁሉ ሳይንቅ ማውጣት ግድ ነው። ሚስማር፣ የተጣጠፈ ብርማ ወረቀት፣ የጃኬት ዚፕ ወጣ። ቀለበቴ ከገመዱ ምሰሶ ሥር፣ የእጅ መዳፍ ያህል ጠልቆ ተገኘ። እማማ እልል አሉ፣ እኔ አለቀስኩ።

ጉድጓዶቹን ሲደፍን ቁጭ ብዬ አየሁት። የላይኛውን አፈር ቀድሞ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ለብቻው አስቀምጦት ነበር። የታችኛውን መልሶ፣ በእግሩ ጠቅጥቆ፣ የላይኛውን ከላይ አለበሰው፣ ውሃም አርከፈከፈበት። እማማ ዞር ዞር ብለው አይተው "ሌላም ጊዜ ና" አሉት።

ዋጋው ለመምጫ 800 ብር፣ ዕቃው ከተገኘ ተጨማሪ 2000 ነው። ለቀለበቱ ስል አልተወደደብኝም፤ ለትንሽ ጌጥ ግን አይመከርም። ደረሰኝ የለውም፣ ቢያስተካክለው ጥሩ ነው። በቀጠሮም ያረፍዳል፤ እማማን ፀሐይ ላይ ማስጠበቁ አልተመቸኝም።

እርሻ ላይ ወርቅ ፈልግልን ለሚሉት እንደማይሄድ ነግሮኛል፤ ለዚያ የማዕድን ፈቃድ ያስፈልጋል። ለጠፋ ዕቃ ከሆነ ግን ከመደወላችሁ በፊት የባለይዞታውን ስልክ ያዙ፣ ተከራይ ካለም አስቀድማችሁ አናግሩ። እነዚህን ካላሟላችሁ ቀጠሮ አይሰጥም።